ወረቀት የሌለው ዘይት

ተረት ተረት! «የላም በረት» ካላችሁኝ ተሳስታችኋል፤ የዛሬው የዘይት በርሜል ነው።

ዝማም የምትባል ኑግ ጨማቂ ነበረች። ለጾሙ ብላ ሁለት በርሜል ዘይት አወጣች፤ እንዴት የጠራ መሰላችሁ! ለመሸጥ ግን «ለምግብ ይሆናል» የሚል ወረቀት ያስፈልጋታል። ዘይት ደግሞ ቀጠሮ አይችልም፤ ከሰነበተ ይከረፋል። ከከረፋ የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ።

አንድ ጠርሙስ ሞልታ ምርመራ ቤት ሄደች። «ወንድሜ፣ መርምርልኝ፤ ዘይቴ ሊከረፋ ነው።»

«አልመረምርም» አለ መርማሪው። «ኬሚካሉ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። ተራሽን ጠብቂ።»

ወደ ቁልፍ ያዧ ሄደች። «እህቴ፣ ኬሚካሉን ስጪ፤ መርማሪው አልመረምርም አለ፣ ዘይቴ ሊከረፋ ነው።»

«ያለ ኃላፊው ፊርማ አልሰጥም። ተራሽን ጠብቂ።»

ወደ ኃላፊው ሄደች። «ጌታዬ፣ ይፈርሙ፤ ቁልፍ ያዧ አልሰጥም አለች፣ መርማሪው አልመረምርም አለ፣ ዘይቴ ሊከረፋ ነው።»

«ስብሰባው ሳይወስን አልፈርምም። ተራሽን ጠብቂ።» ፊርማውን ብታዩት እኮ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።

ወደ ስብሰባው ሄደች። «ጌቶቼ፣ ወስኑ፤ ኃላፊው አልፈርምም አለ፣ ቁልፍ ያዧ አልሰጥም አለች፣ መርማሪው አልመረምርም አለ፣ ዘይቴ ሊከረፋ ነው።»

«በባዶ ሆድ አንወስንም! ሳምቡሳው የታለ? ተራሽን ጠብቂ።»

ወደ ወጥ ሠሪዋ ሄደች። የምስር ሳምቡሳው ተጠቅልሎ ትሪ ላይ ተደርድሯል። «የኔ እናት፣ ጥበሺላቸው፤ ስብሰባው አልወስንም አለ፣ ኃላፊው አልፈርምም አለ፣ ቁልፍ ያዧ አልሰጥም አለች፣ መርማሪው አልመረምርም አለ፣ ዘይቴ ሊከረፋ ነው!»

«በምን ልጥበሰው? ዘይት አልቋል፤ ረቡዕ ነው፣ ቅቤ አይነካም።»

«ይኸው ዘይት!»

«ወረቀት አለው?»

«የለውም።»

«ወረቀት የሌለው ዘይት በዚህ ግቢ አይጠበስበትም።»

ዝማም ወደ ግቢው በር አየች። «ከግቢው ውጭስ?»

ወጥ ሠሪዋ አሰበች። «ከግቢው ውጭማ ምን አገባኝ» ብላ ትሪውንም ምድጃውንም ሰጠቻት።

ዝማም ከግቢው በር ውጭ ጠበሰችው። ሽታው በመስኮት ገባ፤ ስብሰባው እንዳለ ወጣ፣ ኃላፊው ከፊት። አራት ሳምቡሳ ካወረደ በኋላ ነው መጠየቅ ትዝ ያለው።

«ግሩም ነው! በምን ዘይት ነው?»

«በእኔ።»

«ወረቀት አለው?»

«አልፈርምም ብለውኝ የለ እንዴ!»

ወይ ጉድ! ኃላፊው ሆዱን ያዘ። ስብሰባውም ሆዱን ያዘ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፤ ስብሰባው በቁሙ ወሰነ፣ ኃላፊው በቅባታም እጁ ፈረመ፣ ቁልፍ ያዧ ከፈተች፣ መርማሪው ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ዘይት እየሮጠ መረመረ። ኮምጣጣነቱን ለካ፣ እርጥበቱን ለካ፣ ቀለሙን ብርሃን ላይ አየ። እነዚያ ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ምርመራ ቤቱ በር ላይ ተሰልፈዋል።

«ንጹህ ነው» አለ መርማሪው። «አልከረፋም።»

«ተመስገን!» አሉ በአንድ አፍ። ወረቀቱ ታትሞ ዝማም እጅ ገባ፤ የደስታ እንባዋ ማህተሙን ሊያጠፋው ነበር።

ኃላፊው አፉን ጠረገ። ድምፁም ለሰለሰ። «እትዬ ዝማም፣ የተረፈ ሳምቡሳ ይኖርዎት ይሆን?»

«አለ ጌታዬ» አለች፣ ወረቀቷን ጉያዋ ውስጥ እየከተተች። «ተራዎን ይጠብቁ።»

እናንተም ተረቴን መልሱ፣ አፌን በሳምቡሳ አብሱ።