ሳትጨርስ የተሸኘችው ዋስ

አንድ ጫጩት አስፈልፋይ ነበረ። ቤቱ ከከተማ ዳር፣ ሥራውም እዚያው ቤቱ ውስጥ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች የየዶሮዎቻቸውን እንቁላል እያመጡ መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ ያስቀምጡለታል፤ ጫጩቶቹ ሲወጡ እኩሌታው የእሱ፣ እኩሌታው የእነሱ ይሆናል። ከሴቶቹ መካከል ከዚያ እንቁላል በቀር ሌላ ገቢ የሌላቸው ነበሩ።

ሸህ ጀውሃር ምሳሌውን በዚህ የጀመሩት ሰአዳ አንድ ጥያቄ ይዛ ስለመጣች ነው። የሰአዳ እናት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የሚወጉት መድኃኒት ከፍሪጅ መውጣት የለበትም። መብራት እየጠፋ መድኃኒቱ ስለተበላሸባቸው ሰአዳ ጣሪያዋ ላይ ሶላር፣ ቤቷ ውስጥ ባትሪ ልታስገጥም ቆርጣ ተነስታለች። ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ቤቱን አይተው ሄደዋል። «ሁለቱም ደህና ሰው ይመስላሉ፤ አባባ፣ የትኛውን ልመን?» አለቻቸው። ሸሁ ስለ ሶላር ምንም እንደማያውቁ ነገሯት። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም፤ እናቷን ለጎረቤት ትታ ነው የመጣችው። ቆማ ሰማች።

ያ ሰው እንግዲህ እረፍት አልነበረውም። መብራት በጠፋ ጊዜ አንድ ሙሉ ማሽን እንቁላል ሞቶበታል። ጫጩቶቹ ቅርፊቱን መንቆር ጀምረው፣ መንቁራቸው በቀዳዳው እየታየ ነው የቀሩት። ሴቶቹ ያን ጊዜ «የአላህ ሥራ ነው» ብለው ዝም አሉ። ሁለተኛ ቢደገም ግን ዝም እንደማይሉ፣ እንቁላልም እንደማያመጡለት ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቀርቦለት ጆሮው ማሽኑ ላይ ነው። ሰው እያነጋገረው ብድግ ብሎ ሄዶ፣ ማሽኑ መሥራቱን አይቶ ይመለሳል። ሚስቱ «ሰውዬ፣ እንቁላሉን የታቀፍከው አንተ ነህ ወይስ ማሽኑ?» እያለች ትስቅበት ነበር።

በመጨረሻ እንደ አንቺ ሶላር ለማስገጠም ወሰነ። ሁለት ባለሙያዎች መጡለት።

ፊተኛው በመኪና መጣ። በመኪናው በር ላይ ፀሐይ ተስላለች። ፈገግታ የማይለየው፣ ቶሎ የሚግባባ ሰው ነበር። ከግቢው መሃል ቆሞ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «ያለቀ ነገር ነው» አለ።

«ክረምት ደመናው ሲሰነብትስ?» አለ አስፈልፋዩ።

«ችግር የለም።»

«የጎረቤቱ ባሕር ዛፍ ከቀትር በኋላ ጣሪያችን ላይ ጥላ ይጥላል።»

«ችግር የለም።»

ሚስትየው ከበሩ ላይ ሆና «የኤሌክትሪክ ምጣዱንስ ይችለዋል?» አለች።

«እትዬ፣ ከፈለጉ ሁለት ምጣድ ያስቀምጡበት!»

ሚስትየው ደስ አላት። ሰው ማስደሰት ማወቅ ራሱ ሙያ ነው።

ኋለኛው በባጃጅ መጣ፤ ዘግይቶም መጣ። ሰላምታው አጭር ነበር። መሰላል ተውሶ ጣሪያው ላይ ወጣና ቆየ። ሲወርድ ማሽኑ ምን ያህል ሰዓት እንደሚሠራ፣ ፍሪጁ መቼ እንደሚነቀል፣ ማታ የትኞቹ አምፖሎች እንደሚበሩ አንድ በአንድ ጠየቀ። ባሕር ዛፉ ካልተቆረጠ ፓነሉ የሚሰቀለው እዚህ ሳይሆን በረቱ ጣሪያ ላይ ነው አለ። ምጣዱንም አይቶ «ይሄ ከሶላሩ ጋር አይገናኝም። የተገናኘ ዕለት ሁሉም ነገር ይቃጠላል» አለ።

ሚስትየው ባለሙያው እንዲሰማ አድርጋ «ይሄኛው ሊገጥም ነው የመጣው ሊከለክል?» አለች።

አስፈልፋዩ ማንን እንደሚመርጥ ቸገረው። እነሱ አገር ላሙን ለሌላ ሰው እንዲያረባለት የሚሰጥ ያለ ዋስ አይሰጥም። እህል የሚያበድርም እንዲሁ። እሱም አባቱ ያደርጉት የነበረውን አደረገ፤ ለእያንዳንዳቸው «ዋስ ጥራ» አላቸው።

ፊተኛው ሳቀ። «ዋስትና አለው እኮ!» ብሎ ወርቃማ ማኅተም ያለበት ወረቀት ዘረጋለት።

«ይሄ የዕቃው ነው። እኔ የምጠይቅህ ያንተን ነው። ወረቀት ቢጠሩት አይመጣም፤ ሰው ጥራ።»

ፊተኛው አጎቱንና አንድ የሆቴል ባለቤት ይዞ መጣ። አጎትየው በአገሩ የተከበሩ፣ ለዕርቅ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። «ይህ ልጅ ሰው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም» ብለው መሰከሩ። የሆቴሉ ባለቤት ሶላሩን ያስገጠመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። «እንከን የለውም» አለ፤ «አንድም ቀን ልደውልለት አላስፈለገኝም።»

ኋለኛው ዋስ ጥራ ሲባል፣ «አንዲት ወተት ሻጭ አለች፤ እሷ ትምጣ» አለ። «ግን ስትመጣ ትሰድበኛለች። አስቀድሜ ልንገርህ።»

ወተት ሻጯ መጣች። ገና ደጁን ሳታልፍ ጀመረች።

«ዋስ ሁኚኝ አለኝ? እኔን? ወላሂ ይሄ ሰው ሐፍረት አልፈጠረበትም! በሐምሌ እኮ ነው ባትሪው የሞተብኝ! ፍሪጅ ሙሉ ወተቴን ያለ እርሾ አረጋልኝ! ደንበኞቼ ‹ወተት ሻጭ ነሽ አይብ ሻጭ?› እያሉ ተሳለቁብኝ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ሲነሳ...»

አስፈልፋዩ እጁን አነሳ። «ይበቃል፣ እትዬ። ሰማን።»

«ኧረ አልጨረስኩም!»

«የሰማነው ይበቃናል። ሥራ አናስፈታዎት።»

ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር፤ አልተከራከረም። ሴትየዋ እያጉረመረመች ወጣች፤ እሱም ተከትሏት ሄደ። ሚስትየው ከኋላቸው «ዋሱ እንዲህ ከሆነች ከሳሹ እንዴት ያለች ትሆን?» አለችና ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ፊተኛው ሥራውን ያዘ።

በጋው በደህና አለፈ። ፀሐዩ ብርቱ ስለነበረ ፓነሉ ባሕር ዛፉ እያጠላበትም የሚበቃውን ያገኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ አይቆምም። ጎረቤት እየመጣ አየለት፣ ሚስቱም አመሰገነችው። ሰውየው ግን አሁንም እረፍት የለውም። ባትሪው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አረንጓዴ መሆኗን ሄዶ ያያል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ምን እንደሚጠብቅ ራሱም አያውቀውም ነበር።

ክረምት ገባ። መብረቅ የሰፈሩን ትራንስፎርመር አቃጠለው፤ ደመናውም ሰፈሩ ላይ ተኝቶ ሰነበተ። ማሽኑ በሴቶቹ እንቁላል ሙሉ ነበር፤ ለመፈልፈል የቀረው ጥቂት ቀን ነው። አንድ ጠዋት የባትሪዋ መብራት ቀይ ሆነች፤ ባትሪው ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ። የማሽኑም ድምፅ አብሮ ጠፋ።

ለፊተኛው ተደወለ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የሚል የሴት ድምፅ መለሰ። እንደገና ተደወለ። ያችው ድምፅ ያንኑ መለሰች።

«ገጣሚ አገኘን ብዬ ነበር» አለች ሚስትየው፤ «ለካ የግጥም ነው።» በዚህኛው ማንም አልሳቀም። እሷም እንቁላሎቹን በብርድ ልብስ መሸፈን ጀመረች።

አስፈልፋዩ ወደ አጎትየው ሮጠ። «ዋሱ እርስዎ ነዎት፤ ይጥሩልኝ» አላቸው።

ሽማግሌው አዘኑ። ማዘናቸውም እውነት ነበር። «ልጄ፣ እኔ ዋስ የሆንኩት ስለ ባሕርዩ ነው፤ ስለ ባትሪው አይደለም» አሉት።

ወደ ሆቴሉ ሄደ። ከግቢው የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል። የሆቴሉ ባለቤት ገና ሲያየው «እሱን ፍለጋ ነው አይደል?» አለው። «የእኔም ቆሟል። ካገኘኸው ለእኔም ንገርልኝ።»

እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ነው። ኋለኛውን ባለሙያ ማግኘት አለበት፤ ስልክ ቁጥሩን ግን አልያዘም ነበር። የት እንደሚገኝ የምታውቅ ያቺ ተሳዳቢ ሴት ብቻ ናት። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር እየበሰበሰ፣ ሰው እየጠየቀ ቤቷ ደረሰ።

«ያ ሰው የት ይገኛል?» አላት፣ ሰላምታም ሳያስቀድም።

«የትኛው? ያ ወተቴን ያበላሸው?»

«እሱ» አለና ቆመ። ከጓዳዋ የፍሪጅ ድምፅ ይሰማል። «ፍሪጅዎ ይሠራል እንዴ?»

«ይሠራላ! ያን ቀን አላስጨረስከኝም እኮ።» ወተት መቅዳቷን ሳታቋርጥ ነገረችው። «ባትሪው የሞተ ዕለት ደወልኩለት፤ አነሳ። ሰደብኩት። እንዲህ ያለ ዝናብ ነበር፤ በዝናቡ መጣ። ከፍቶ አየና ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሰጠሁሽ ባትሪ ለቤትሽ ያንሳል› አለኝ። ደመናው ነው አላለ፣ አጠቃቀምሽ ነው አላለ። አዲሱ እስኪመጣ የራሱን ቤት ባትሪ ነቅሎ አመጣልኝ፤ ልጆቹ በኩራዝ ሰነበቱ። እኔ ስድቤን አላቆምኩም፣ እሱም መምጣቱን አላቆመም። ዛሬም እየደወለ ‹እንዴት ነው?› ይለኛል፤ ‹ምን አገባህ!› እለዋለሁ። ዋስ ሁኚኝ ሲለኝ የመጣሁት ይህን ልናገር ነበር። እህ፣ ሰው መቼም ብሶቱን አይደል የሚያስቀድም?»

ሰውየው «እንቁላሉ» አለ ብቻ።

ሴትየዋ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ጓዳ ገብታ የፍሪጁን ገመድ ነቀለችው። «ማሽንህን ወደዚህ አምጣ። ወተቱ እንደሆነ ይርጋ፣ ለምጄዋለሁ። ለሰውየው እኔ እደውልለታለሁ፤ በዚያውም የምለው አላጣም።»

የእንቁላሉ ባለቤቶች ተጠሩ። እንቁላሉን በሻሽና በነጠላ እየጠቀለሉ ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው በዝናቡ ውስጥ ወጡ፤ ጎረቤቶች ባዶውን ማሽን ተሸከሙ። አስፈልፋዩ ከአንዷ ወደ አንዷ እየሮጠ «ቀስ! ቀስ በሉ!» ይላል። አንዷ «አንተ ራስህ ቀስ በል፣ ገፍተህ ልትጥለኝ ነው!» አለችው። ከወተት ሻጯ ቤት ሲደርሱ ኋለኛው ባለሙያ ቀድሟቸው ደርሶ ማከፋፈያ ገመድ እየዘረጋ ነበር። ስላለፈው አንድም ቃል አላነሳም። «ማሽኑ ብቻ፤ ስልክ እንኳ እንዳትሰኩበት» አለ።

ከእንቁላሉ የሚበዛው ተፈለፈለ። ሁሉም ግን አልተፈለፈለም። አንዲት መበለት ካመጣችው እንቁላል አንድም ጫጩት አልወጣ፤ አስፈልፋዩ ከራሱ ድርሻ ሰጣት። ተቀበለችው። አላመሰገነችውም።

ሸህ ጀውሃር እዚህ ላይ ወደ ሰአዳ ዞሩ።

«ልጄ፣ አስፈልፋዩ አንቺ ነሽ። እንቁላሉ የእናትሽ መድኃኒት ነው። ቤትሽን አይተው የሄዱት ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ናቸው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ፊታቸውን በማየትም አይታወቅም። ያ ሰው ዋስ ጥሩ ማለቱ ልክ ነበር፤ ወረቀቱን አልቀበልም ማለቱም ልክ ነበር። የተሳሳተው ዋስ ማለት አመስጋኝ መስሎት ነው። ሰው የሠራው ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን ይበላሻል። ዕቃው ያልተበላሸበት ሰው ስለ ፀሐይዋ ይመሰክርልሽ እንደሆነ እንጂ ስለ ባለሙያው ገና ምንም አያውቅም። ባለሙያውን የሚያውቀው የተበላሸበት ሰው ነው። እሱን ፈልጊው። ሲሳደብ ተነስተሽ እንዳትሄጂ፤ ሁለቱም ዓይነት ባለሙያ ይሰደባል። ስድቡን ሲጨርስ ‹ከዚያስ?› በዪው። ከዚያ በኋላ የሚነግርሽ ነው የጥያቄሽ መልስ።»

ሰአዳ ጠየቀች። «ሁለቱም ‹ተበላሽቶብን አያውቅም› ቢሉኝስ፣ አባባ?»

«እንዲህ የሚል ባለሙያ ወይ ሥራውን ትናንት ጀምሯል፣ ወይ ተመልሶ ሄዶ አላየም።»

«እንግዲያው ልሂድ» አለች ሻሿን እያስተካከለች። «የሚሰድባቸው ሰው ልፈልግ።»

«ሂጂ» አሏት፤ «እስኪጨርስም ቁጭ በዪ። እኔ ዘንድ እንደቆምሽው እንዳትቆሚ።»