ጥቁሩ ሽቦ ያኮረፈ ዕለት

ዝም ካላችሁ እጀምራለሁ። ድሮ ድሮ ነው፤ እናንተ አልተወለዳችሁም፣ ባትሪ ድንጋይ ግን ተወልዷል። ያኔ ዕቃው ሁሉ አፍ ነበረው፤ የሚያስበው ግን እንደ ዛሬው ጥቂቱ ነበር።

ገብስማ የምትባል ዶሮ ነበረች። ከፈለፈለቻቸው ጫጩቶች አብዛኞቹን ሸለምጥማጥ በልቶባት ሦስት ቀርተዋታል። የቤቱ ልጅ ትንግርት ይህን አይታ ለሳይንስ ትምህርት የሠራችውን መብራት ከቆጡ ሥር አኖረችላት። መብራቱ ምን ነበር? አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ አንዲት ትንሽ አምፖል፣ ሁለት ሽቦ። ቀዩ ሽቦ ከባትሪው አናት ተነሥቶ ወደ አምፖሏ ይሄዳል፤ ጥቁሩ ከአምፖሏ ወገብ ተነሥቶ ወደ ባትሪው ቂጥ ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሸለምጥማጥ ደግሞ ብርሃን አይወድም፤ ሌባ ነዋ!

አንድ ምሽት በበሩ ስንጥቅ አምፖሏን ጠራት።

"የኔ ቆንጆ፣ ይህን የመሰለ መልክ ይዘሽ የዶሮ ኩስ ታሳያለሽ?"

"እኔ ሲሰጡኝ እበራለሁ እንጂ ከኪሴ አላወጣም። ሂድ ወዲያ!"

በማግስቱ ባትሪውን ጠራው።

"አያ ድንጋይ፣ ደከሙ እኮ! ትንሽ አረፍ አይሉም?"

"መንገድ እስካለ እገፋለሁ። መንገዱ ሲቋረጥ አርፋለሁ" አለ ባትሪው።

መንገዱ ነው ለካ! ሸለምጥማጥ ጆሮው ቆመ። በሦስተኛው ምሽት ጥቁሩን ሽቦ ጠራው።

"ወንድሜ፣ መብራቱን የሚያደርሰው ቀዩ ነው። ባዶ እጅህን ወደ ቤት የምትመለሰው አንተ፣ ሥራህ ምን ይባላል?"

ጥቁሩ ሽቦ ድሮም ቅሬታ በሆዱ ነበረው። "እውነትህን ነው!" ብሎ ከባትሪውም ከአምፖሏም ተላቀቀና ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተኛ።

ድርግም!

"ጥቁሩ! ምን ሆንክ?" ጮኸች ገብስማ።

"ቀዩ አለልሽ፤ እሱ ያብራልሽ።"

"ቀዩማ ይኸው ቆሟል! የታለ መብራቱ?"

ጥቁሩ ይበልጥ ተጠቀለለ። ሸለምጥማጥ በሩን መቧጠጥ ጀመረ። "እሜቴ ገብስማ፣ መሸብዎት እንዴ?"

ገብስማ ሲባጎ ነክሳ በጥቁሩ ቦታ አጋደመች።

"እኔ ማሰር እንጂ ማሳለፍ አላውቅም" አለ ሲባጎው።

ጭራሮ አመጣች።

"እኔን የሚያውቀኝ እሳት ነው። ከዚህ ጋር አልተዋወቅንም" አለ ጭራሮው።

የሸለምጥማጥ አንድ እግሩ ገባ። ጫጩቶቹ ተንጫጩ። የገብስማ አፍ ለጥሬ መስፈሪያ የተቀመጠችውን ጠማማ የብረት ማንኪያ ሲነካት ቃ አለች።

"አንቺስ ታሳልፊያለሽ?"

"እኔ እንጃ፣ ብረት ነኝ። ሞክሪኛ!"

እጀታዋን ከአምፖሏ ወገብ፣ አፏን ከባትሪው ቂጥ አገናኘቻት። ቦግ! ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ሸለምጥማጥ ጸጉሩን በሩ ላይ ትቶ ተፈተለከ።

"በማንኪያ? እኔ በማንኪያ ተተካሁ?" አለ ጥቁሩ ሽቦ።

"ማንኪያዋ የባትሪውን ኃይል ስለመለሰችው ነው የበራው" አለች ገብስማ። "ቀዩ መውሰዱን ይወስዳል፤ የሚመለስበት መንገድ ከሌለ ግን ኃይሉ ከቤቱም አይነሣም። በል አሁን ና ግባ፤ ማንኪያዋ ለቁርስ ትፈለጋለች።"

እናንተም ነገ በአንድ ባትሪ ድንጋይና በአንዲት ትንሽ አምፖል ሞክሩት፤ በጥቁሩ ቦታ ሲባጎም ማንኪያም አስገቡና እዩ። የግድግዳውን መብራት እንዳትነኩ ግን! እሱ ጫጩት አይደለም የሚበላው፣ ሰው ነው።

ተረቴም ከአፌ ወጥቶ፣ በጆሯችሁ ዞሮ፣ ወደ አፌ ተመለሰ። ባይመለስ ኖሮ መቼ ይበራላችሁ ነበር?