በዝናብ የቆሰለው አጋዘን

አንድ አዳኝ ነበረ። የውብዳር፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «በእናታችን ለቅሶ ላይ ታናሽ እህቴን በሰው ፊት ክፉ ቃል ተናገርኳት። ንዴቷ እስኪበርድላት ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት?» ነው ያልሽኝ። መልሱን ከመስጠቴ በፊት የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ።

አዳኙ የሚኖረው ደን ዳር ነበር። የሚያድነው በቀስት ነው። ቀስት መያዝ ያስተማረው አባቱ ሲሆን፣ ከሁሉ አጥብቆ የነገረው እንዲህ ብሎ ነበር፦ «አውሬውን በፍላጻ ከመታኸው በኋላ ቁጭ በል። ካሳደድከው ፍርሃቱ ጉልበት ይሆነዋል፤ ቆስሎም ቢሆን ተራራ ያቋርጣል። ዝም ካልከው ግን የሚከተለው ያለ አይመስለውም፤ ትንሽ ሄዶ ይተኛል። ያኔ ደሙን እያየህ ቀስ ብለህ ሂድ። ደክሞ ታገኘዋለህ፤ ነፍሱ ሳትወጣም ታርደዋለህ።» ሳይታረድ የሞተ አውሬ በዚያ አገር አይበላም።

ልጁ ይህን ያዘ፤ ሠራለትም። ሌሎች አዳኞች የቆሰለ አውሬ ሲያባርሩ ውለው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ፣ እሱ ዛፍ ሥር አረፍ ብሎ ይነሳና ሥጋ ተሸክሞ ይገባል። ስሙም በትዕግሥቱ ወጣ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ከበደ። በጎተራ የነበረው እህል አለቀ፣ በማሳ ላይ ያለው ገና አልደረሰም። በዚህ መሀል የአዳኙ ሚስት ወለደች። ምጡ ጠንቶባት ስለነበር ብዙ ደም ፈሰሳት፤ ወተቷም አልወርድ አለ። ያዋለደቻት ሴት አዳኙን ወደ ደጅ ጠርታ፣ «ወንድሜ፣ ይህች አራስ በጎመን ውሃ አትነሳም። ሥጋ ፈልግና መረቅ ትጠጣ። አለዚያ ለእሷም ለሕፃኑም እፈራለሁ» አለችው።

በክረምት ቀስት ይዞ የሚወጣ ጥቂት ነው። የቀስት ጅማት ውሃ ሲነካው ይላላል፤ ፍላጻውም ካሰቡለት ቦታ አይደርስም። አዳኙ ግን ሌላ መላ አልነበረውም። ጅማቱን ሰም ቀባው፣ ከቀስቱ ፈትቶ በደረቱ ሸሸገው፣ የሚስቱን ወንድም አስከትሎ ወደ ደኑ ገባ።

ካፊያ ነበር። የረጠበ ቅጠል ሲረግጡት ድምፅ አያሰማምና እስከዚህ ድረስ ዝናቡ ጠቀማቸው። ብዙ ሳይሄዱ አንድ ቀንዳም አጋዘን ከቁጥቋጦ ወጥቶ ሣር ሲግጥ አዩ። አዳኙ ጅማቱን አውጥቶ ቀስቱን ወጠረ፤ በደረቱ እየተሳበ ተጠጋና ለቀቀው። ጅማቱ በዚያች አፍታ ውሃ ጠጥቶ ኖሮ ፍላጻው ከልቡ ዝቅ ብሎ ጎኑ ላይ ተተከለ። አጋዘኑ ዘሎ ወደ ቁልቁለቱ ጠፋ። የቆመበት ሣር ላይ ደም ፈሷል፤ ከዚያ አልፎ በቅጠሎቹ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል።

«እንከተለው!» አለ የሚስቱ ወንድም።

«ቁጭ በል» አለ አዳኙ። «ይተኛ።»

አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ገብተው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ካፊያው ወደ ዶፍ ተለወጠ። የሚስቱ ወንድም አንዴ ቁልቁለቱን፣ አንዴ ሰማዩን ያያል። በመጨረሻ አላስችል አለው።

«ኧረ ደሙ እየታጠበ ነው! ቤት ያለችው እኮ እህቴ ናት።»

«ሚስቴም ናት» አለው አዳኙ። «ብናባርረው እናጣዋለን። ይህን ሥራ ካንተ በፊት አውቀዋለሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል እንነሳለን።»

ጋብ ሲል ተነሱ። ሣሩ ላይ ደም አልነበረም። ቅጠሎቹ ታጥበው ያበራሉ። ኮቴው ውሃ ሞልቶት ከሌላው ጭቃ አይለይም። ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ወንዙ ዳር ደረሱ፣ ተመለሱ፣ ተለያይተው ፈለጉ፣ ተጠራሩ። እስኪመሽ ድረስ ባዘኑ። አጋዘኑ አልተገኘም።

አዳኙ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ከተኛችበት ቀና ብላ፣ «አገኘህ?» አለችው።

«አቁስዬዋለሁ።»

«ታዲያ የታለ?»

ሕፃኑ ያለቅሳል። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ሰማዩ ሲገለጥ አሞራዎች ከደኑ በላይ ሲዞሩ ታዩ። አዳኙ ብቻውን ሄደ። አጋዘኑን ያገኘው ሩቅ አይደለም፤ ከዚያ ተቀምጠውበት ከነበረው ዋርካ በታች፣ ጮክ ብሎ የተጣራ ሰው ድምፁ ከሚሰማበት ቦታ ነው። ከአንድ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ፣ እነሱ ባጠገቡ ሲመላለሱ ሳያዩት ቀርተዋል። ጅብ በልቶት ቀንዱና ቆዳው ቀርቷል። ሣሩ አንድ ቦታ ሳይሆን እዚህም እዚያም ተደፍጥጧል። አጋዘኑ ተኝቶ ተነስቷል፣ ደግሞ ተኝቷል። ቶሎ አልሞተም ነበር። ሥጋው መቅረቱ ብቻ አይደለም አዳኙን ያንገበገበው። እሱ ዛፍ ሥር ደኅና ተቀምጦ ሳለ ያ ፍጡር ያን ሁሉ ሰዓት ሲሰቃይ ማሳለፉ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አባቱ ቤት ሄደ። ተቆጥቶ ነበር።

«አባባ፣ ያስተማርከኝ ነገር ጉድ ሠራኝ» አለው፤ የሆነውንም ሁሉ ነገረው።

አባትየው እስኪጨርስ ሰማው። «ልጄ» አለው፣ «ቁጭ በል ያልኩህ ለምንድን ነው? አንተ ብትቆይም ደሙ ስለሚቆይልህ ነው። በደረቅ መሬት ላይ ደሙ ይጠብቅሃል። ደሙ የማይጠብቅህ ከሆነ አንተ ምን ትጠብቃለህ?»



«ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ አባትየው። «ያ ዋርካ፣ ሥሩ ደረቅ ነበር?»

«አዎ፣ ደረቅ ነበር።»

«ታዲያ እውነቱን ንገረኝ። የተቀመጥከው የኔን ቃል አክብረህ ነው ወይስ ዶፉን ፈርተህ?»

አዳኙ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ተነስቶ ወጣና ቀስተኛ ነኝ ብሎ ሲኮራባቸው ከኖሩት ጎረቤቶቹ ደጅ እየቆመ፣ «ለአራስ የምትሆን ዶሮ ስጡኝ» ብሎ ለመነ። አንዲት ባልቴት ሰጠችው። ሚስቱ መረቁን ጠጣች፤ ቀስ በቀስም ዳነች። ሕፃኑም ተረፈ። አዳኙ ከዚያ በኋላም በክረምት አድኗል። በዝናብ የመታውን አውሬ ግን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። አንዳንዱ አምልጦታል፤ አንዳንዱን አግኝቷል።

እንግዲህ ልጄ፣ ንዴት እስኪበርድ ጠብቁ የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም። አንቺና እህትሽ ጓዳ ውስጥ ሁለታችሁ ብቻ ተጣልታችሁ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም «ትንሽ ቆይተሽ ሂጂ» እልሽ ነበር። አንቺ ግን «እናታችንን በሕይወት ሳለች ዞረሽ ሳታዪያት ዛሬ ለሬሳዋ ታለቅሻለሽ» ያልሻት ለቀስተኛ በሞላበት ድንኳን ነው። ቃልሽን የሰማ ሁሉ ይዞት ወጥቷል። አንዱ ይጨምርበታል፣ ሌላው ያጣምመዋል፤ ጎረቤት ለእህትሽ ባል፣ ባሏ ለእሷ ያደርሰዋል። ዝናቡ ይኸው ነው። ዛሬ ብትሄጂ እህትሽ የቆሰለችበትን ቦታ ታውቂዋለሽ፤ ያችው አንዲት ቃል ናት። ዓመት ቆይተሽ ብትሄጂ ግን አንቺ ያላልሽው ሁሉ ተደራርቦበት፣ መጀመሪያ ምን እንደነበረ እሷም አንቺም አታውቁትም። ደግሞ ዕቃዋን እያሰረች ነው፣ ሐሙስ ወደ ባሏ አገር ትመለሳለች ያልሽኝ አንቺው ራስሽ ነሽ።

አባትየው ልጁን የጠየቀውንም ለራስሽ ጠይቂ። የምትጠብቂው ለእሷ ንዴት አዝነሽ ነው ወይስ ደጇ ላይ መቆሙ አሳፍሮሽ? መልሱን ለኔ አትንገሪኝ።

«ብታባርረኝስ?» ልትይኝ ነው፤ ፊትሽ ላይ ይታየኛል። ልታባርርሽ ትችላለች። በሩን ፊትሽ ላይ ትዘጋው ይሆናል፤ ትሰድብሽም ይሆናል። ግን ካባረረችሽም ዱካዋ ሳይጠፋ አገኘሻት ማለት ነው። በይ ተነሺ።