በዚሁ ድምፅ

አንድ ጊታሪስት ነበረ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ አዳማ ውስጥ የቀለም መሸጫ ያለው ሰው። በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር የፓንክ ሮክ ባንድ ነበረው። ፓንክ ሮክ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ጊታሩም ድራሙም ዘፋኙም እኩል የሚጮኹበት ሙዚቃ ነው። እናቶች፣ ፊታችሁን አታጨማድዱብኝ! ታገሡኝ፣ ወደ ስብከቴ እመለሳለሁ።

የባንዱ ዘፋኝ ይድነቃቸው ይባላል። የልብ ጓደኛው ነው። ታዲያ አንድ ቀን መድረክ ላይ ይድነቃቸው ግጥሙን ሳተ። ጊታሪስቱ ተናደደ። ሄዶ በሕዝብ ፊት የማይኩን ገመድ ነቀለበት። ሰው ሳቀ። ይድነቃቸው ከመድረኩ ወረደ፤ ባንዱም በዚያው ፈረሰ።

ስንት ዓመት ተኮራረፉ መሰላችሁ? ሃያ ዓመት! በአንድ ከተማ እየኖሩ። ልቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ አንዱ እየወጣ።

ከዚያ ጊታሪስቱ ወሬ ሰማ። ይድነቃቸው የእንቅርት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ድምፁ ተበላሽቷል። ያኔውኑ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። አንኳኳ።

«ምን ፈለግህ?» አለ ይድነቃቸው። ያ የድሮ ድምፅ የለም። ይሻክራል፣ መሃል ላይ ይቆረጣል።

«በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ። ከፈቀድክ ደግሞ እንደገና ተሰብስበን አልበም እንሥራ።»

«ድምፄን አትሰማም? በምኔ ልዝፈን?»

«በዚሁ።»

በሩ ተዘጋ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አሁንም ተዘጋ። ደግሞ መጣ። በመጨረሻ የይድነቃቸው ሚስት፣ «ኧረ አስገባው! ደጃችን ላይ ሊያረጅ ነው እኮ» አለች።

ገባ። ታረቁ። ሌሎቹም የባንዱ አባላት ተሰበሰቡ። አለቀ ያላችሁ ትኖራላችሁ። የለም፣ ሥራው ገና መጀመሩ ነው! በመጀመሪያው ልምምድ ይድነቃቸው ሁለተኛውን ዘፈን መጨረስ አቃተው። «ልታስቅብኝ ነው ያመጣኸኝ?» ብሎ ሊወጣ ተነሣ።

ጊታሪስቱ ምን አደረገ? ዘፈኖቹን ሁሉ ወደ ጓደኛው ድምፅ አወረዳቸው። ጣቱ የለመደውን ትቶ እንደ ጀማሪ ተማረ። ወራት ፈጀበት። ባለስቱዲዮው፣ «ጋሼ፣ ምን አለፋችሁ? አንድ ጎረምሳ ዘፋኝ ላምጣላችሁ» ቢለው፣

«አልበሙ ይቅር እንጂ እሱ አይቀርም» አለ።

አልበሙ ወጣ። «የድሮው ይሻል ነበር» ያሉ ነበሩ። ይድነቃቸው ይህን ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ታዲያ ምን እንጠብቃለን? የሚቀጥለውን እንጀምር!»

እናንተስ ወገኖቼ? እዚህ መዘምራን መካከል ትከሻ ለትከሻ ቆማችሁ እየዘመራችሁ ሰላም የማትባባሉ የላችሁም? ከአንድ ማኅፀን ወጥታችሁ፣ በወንድማችሁ ሠርግ ላይ ፊት የተዟዟራችሁስ? «እሱ ይምጣ» ትላላችሁ። «ጊዜው አልፏል» ትላላችሁ። አላለፈም! ይቅርታ ማለት «ማረኝ» ብሎ መመለስ ብቻ አይደለም። ለጎዳችሁት ሰው እስከቀረችለት አቅም ድረስ ወርዳችሁ፣ እዚያው አብራችሁት መሥራት ነው። ይከብዳል። ይክበድ!

ዛሬ ስብከቱን በጸሎት አልዘጋም። ስልካችሁን አውጡ። አዎ፣ እዚሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ! ደውሉ። ካላነሱ ደግማችሁ ደውሉ። እኔ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።