ለነብሮ የተመታው ነጋሪት

ተረት አለኝ፤ የነቃ ይቅረብ፣ ያንቀላፋ ግድግዳ ይደገፍ።

ድሮ ድሮ እንስሳት ምድር ጠበበቻቸውና ወደ ሰማይ ወጡ። እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ኮከብ ያዘ፤ በኮከቦቹ ሁሉ ላይ አንበሳ ነገሠ። የጦሩ አለቃ ነብሮ የሚባል ነብር ነበር። ነብሮ አንድ ቀን ጦሩን አስከትሎ መጣ፤ አንበሳን ከአልጋው አውርዶ ፀሐይ ወደማይደርስበት ኮከብ ሰደደው። አንበሳም እዚያው በብርድ ሞተ። ነብሮ ብዙ ዘመን ገዝቶ፣ አርጅቶ ሞተ። ልጅ አልነበረውምና የአንበሳ ልጅ ደቦል ተጠርቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

የአገሩ ልማድ እንዲህ ነበር፦ ንጉሥ ሲሞት ነጋሪት ይመታለታል፤ ቃሉም ጸንቶ ይኖራል። አልጋ የቀማ ወንበዴ ሲሞት ግን ነጋሪቱ በአፉ ይደፋል፤ ቃሉም አብሮት ይቀበራል።

ደቦል ነጋሪቱን ጠራው።

«አንተ ነጋሪት፣ ነገ በነብሮ ቀብር ላይ ትደፋለህ። አባቴን በብርድ ለገደለ አትጮህም።»

«እደፋለሁ፣ ጃንሆይ» አለ ነጋሪቱ። «ብቻ ሆዴን ባር ባር ይለዋል።»

ወዲያው ዔሊ እያለከለከች ገባች።

«ጃንሆይ፣ ነጋሪቱ ይደፋል ሲሉ ሰማሁ። አለቅን! የእኛ ኮከብ የጠፋ ጊዜ ቀዩን ኮከብ የሰጠን ነብሮ ነው። ቃሉ ከተቀበረ እንቁላሎቼን ይዤ ወዴት ልሂድ? ያውም በእኔ እግር!»

ደቦል ተጨነቀ፤ አሰበም። «ቀዩን ኮከብ በራሴ ስም ሰጥቼሻለሁ» አላት። ዔሊ እጅ ነስታ ወጣች።

ቀጥሎ ዳኛው ጦጣ ዘሎ ገባ።

«ጃንሆይ፣ በነብሮ ማኅተም ያጋባኋቸው ሁሉ ሊለያዩ ነው? አንዳንዱማ እልል ይላል። ልጆቹ ግን የማን ይባሉ?»

ደቦል አሁንም ተጨነቀ፤ አሁንም አሰበ። «ጋብቻቸውን በራሴ ስም አጽንቻለሁ» አለው። ጦጣ እጅ ነስቶ ወጣ።

«እንዲህማ ከሆነ ያለ ስጋት እደፋለሁ» አለ ነጋሪቱ።

በሦስተኛው ግን ፊታውራሪ ተርብ ገባ። ከኋላው መንጋው በሩን ሞላው፤ ቤቱ ጨለመ። ተርብ ከሁሉም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እኛ የምንለምነው የለም፣ ጃንሆይ። ለማወቅ ያህል ነው የመጣነው። አባትዎን ከአልጋ ያወረድነው ነብሮ አዝዞን ነው። እሱ ንጉሥ ከሆነ፣ እኛ የንጉሥ ወታደሮች ነን። ወንበዴ ከሆነ፣ እኛ ምን ልንባል ነው?»

«ምሬአችኋለሁ» አለ ደቦል ቶሎ ብሎ። «በራሴ ስም ምሬአችኋለሁ።»

«ምሕረት ለጥፋተኛ ነው» አለ ተርብ ቀስ ብሎ። «እኛ ጥፋተኞች ነን?»

የመንጋው ክንፍ እምም አለ። ደቦል አባቱን አሰበ። ከዚያ ወደ በሩ አየ፤ በሩ አይታይም። ወደ ነጋሪቱ አየ፤ ነጋሪቱም ወደ እሱ አየ።

«ይመታ» አለ ደቦል።

በማግስቱ ለአባቱ ያልተመታው ነጋሪት ለነብሮ ተመታ። ዔሊ አለቀሰች፤ ጦጣ ዲስኩር አደረገ። «ለምን አከበራችሁት?» ተብለው ሲጠየቁ «ኮከብ የሰጠ፣ ፍርድ ያጸና ንጉሥ ነበር» አሉ። የተርብን ስም ግን ማንም አላነሳም።

ሁሉም ከቀብር ተመልሶ ሲበተን ፊታውራሪ ተርብ ደቦል ዘንድ ቀረ። አልጋውን አንዴ ዞረው።

«ነጋሪቱ እንዴት ደስ የሚል ድምፅ ነው ያለው፣ ጃንሆይ! እኔም ስሞት እንዲህ ይመታልኝ ይሆን?»

«ነጋሪትማ ለንጉሥ ብቻ ነው የሚመታው» አለ ደቦል።

«አውቃለሁ» አለ ተርብ።

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው። አባቶች ሲተርኩት ግን እንዲህ ብለው ይዘጉታል፦ ለሞተ ቀማኛ የተመታ ነጋሪት፣ በሕይወት ያለውን ቀማኛ ይጠራል።