በቀበሮ እጅ የተጻፈው ቅጠል

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ኤሊ ዘንድ እየሄዱ ሕክምና ይማሩ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ትምህርቱን ክፉኛ ተመኘች። የመንደሯ አህዮች በገጣባ እያለቁ ነበር፤ የጀርባቸው ቁስል ሲያመረቅዝ የሚያክማቸው አጡ። ኤሊ ግን በየክረምቱ የምትቀበለው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። እሱም «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግህ?» ለሚለው ጥያቄ በአንዲት የዋርካ ቅጠል ላይ የሚያልቅ መልስ ጽፎ ማምጣት አለበት።

አህያ ቅጠል በእሾህ ስትጭር ሰነበተች። የጻፈችው ሁሉ ተራ ነገር መሰላትና ወደ ቀበሮ ሄደች።

«አይዞሽ፣ እመት አህያ» አላት ቀበሮ። «ኤሊን የሚያስደስታትን እኔ አውቃለሁ። ወንዙን በጀርባሽ አሻግሪኝና እጽፍልሻለሁ።»

አሻገረችው፤ ጻፈላት። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕሙማንን ሁሉ እወዳለሁ። ስንቱን በሽተኛ አስታምሜ አድኛለሁ» ይላል። አህያ በዕድሜዋ አንድም በሽተኛ አላዳነችም። ቢሆንም አማረላትና ቅጠሏን በአፏ ይዛ ሄደች።

ኤሊ የምታስተምርበት ዋሻ ጋ ስትደርስ ረፋድ ነበር፤ ጉሙ ግን ፀሐይዋን ውጦ አገሩን አመድ አስመስሎታል። የወፍ ድምፅ እንኳ አይሰማም። አያ ጅቦ ቀድሟት ቆሟል። የእሱን ቅጠል ሰረቅ አድርጋ ስታይ ደነገጠች፤ ቃል በቃል የእሷው ነው፤ ለካ ቀበሮ ለእሱም ጽፎለታል።

ኤሊ ዓይኗ ጠፍቷል። የጅቦን ቅጠል በጥፍሯ ዳሰሰችና ወደ ዋሻው ዞራ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያም «ይህ ያስታመማችሁ፣ ኑ» አለች።

ከዋሻው ቀዝቃዛ ነፋስ ወጣ። ቀጥሎ ኮቴ ተሰማ፤ ብዙ ኮቴ፣ አካል ግን የለውም። ጅቦን ዙሪያውን ከበበው።

«እኔ ያቺ አንካሳዋ ፍየል ነኝ» አለ አንድ ድምፅ። «ታምሜ ስተኛ መጥተህ ነበር፣ አያ ጅቦ። ከእግሬ ነው የጀመርከው።»

«እኔን ደግሞ ከሆዴ» አለ ሌላው።

«እናንተ አሟችሁ ነበር» አለ ጅቦ እየተንተባተበ፣ «እኔም ርቦኝ ነበር።»

ነገሩን በሳቅ ሊያልፈው ሞከረ። ሳቁ ግን ከአፉ ሳይሆን ከዋሻው ውስጥ ወጣ። ጅቦ ጭራውን ወሽቆ ወደ ጉሙ ሲፈረጥጥ ኮቴዎቹ ተከተሉት። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

«ተረኛ» አለች ኤሊ።

አህያ መሸሽ አማራት፤ የመንደሯ ቁስለኞች ግን ከዓይኗ አልጠፋ አሉ። ቅጠሏን አኝካ ዋጠችው።

«መልስሽስ የታለ?»

«በላሁት፣ እመት ኤሊ። የእኔ አልነበረም። ሌላ ቅጠል ይስጡኝ።»

ኤሊ በሰጠቻት ቅጠል ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «እህቴ በገጣባ ታማ ሳለ፣ እስክትሞት ድረስ ቁስሏ ላይ ያረፈውን ዝንብ በጭራዬ ሳባርር ሰነበትኩ። ሌላ ምን እንደሚደረግላት አላውቅም ነበር። እሱን ለመማር መጣሁ።»

ኤሊ አነበበችውና ወደ ዋሻው ዞራ «ነይ» ብላ ጠራች። ከዚያ የአንዲት እንስሳ ኮቴ ብቻ ቀስ እያለ መጥቶ ከአህያ ጎን ቆመ። ትንፋሽ አንገቷን ነካት።

«አላዳንሽኝም» አለ የእህቷ ድምፅ። «ግን ትተሽኝ አልሄድሽም።»

አህያ ዘወር ብላ ማየት ፈራች፤ እዚያው እንደቆመች አለቀሰች። ኤሊም ከደጃፉ ፈቀቅ አለችና «ግቢ፣ ልጄ» አለቻት።

ከዚህ የምንማረው አንድን ነገር ለምን እንደፈለግን ስንጠየቅ፣ ሌላ ሰው ካሳመረልን ትልቅ ቃል ይልቅ በእውነት ያደረግነውን ትንሽ ነገርና ያላወቅነውን ባጭሩ መናገር እንደሚበልጥ ነው።