የፍል ውሃው ገንዳና ማተብ ላይ የታሰረው ቁልፍ

አንድ ወንድይፍራው የሚባል እህል ነጋዴ ነበር። አባቱ ስሙን ሲያወጡለት እንዳሰቡት ሰው ሁሉ ይፈራው ነበር። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይፈራል፦ የጀመረውን ሌላ ሰው እንዳያስቆምበት። በቤቱ የማይቆለፍ ነገር አልነበረም። ጓዳው ይቆለፋል፣ ማቀዝቀዣው ይቆለፋል፣ የስኳር ቆርቆሮው እንኳ ጓጉንቸር ነበረው። ሚስቱ አስካለ ከጋብቻው በኋላ ቶሎ የተማረችው ነገር ቢኖር ሻይ ከመጣዷ በፊት ባሏን መፈለግ ነበር።

ይህን ሰው ጉልበቱን ቁርጥማት ያዘው። ፍል ውሃ ወርዶ ከሰው ጋር ተራ መጠበቅን ክብሩ አልፈቀደለትም። ስለዚህ ፍል ውሃውን ወደ ግቢው አስመጣ፦ ውሃን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅና የሚያንፈቀፍቅ ትልቅ ገንዳ፣ ጠርዙ ላይ የሚያብለጨልጭ የብረት መያዣ ያለው። መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃው እንዳይቀዘቅዝበትም በራሱ የሚነሳ ጄኔሬተር ከአጥሩ ጥግ አስተከለ።

የመብራት ሠራተኛው የገንዳውን ማጥፊያ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ሲል ወንድይፍራው አስቆመው።

«እዚህ አይሆንም። ዕቃ ቤት ውስጥ አድርግልኝ፤ እሱ ይቆለፋል።»

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ደንብ አለው» አለ ሠራተኛው። «ውሃ ውስጥ ያለ ሰው እጁን ዘርግቶ እንዳይነካው ራቅ ይላል። ውሃው ዳር የቆመ ሰው ደግሞ ባለበት ሆኖ እንዲያየው፣ ፈጥኖም እንዲደርስበት ቅርብ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ውሃ ውስጥ ሰው ከያዘ፣ የተያዘው ለራሱ ምንም ማድረግ አይችልም። ሊያወጣው የሚነካውም አብሮ ይሄዳል። ያለው መድኃኒት ማጥፋት ብቻ ነው።»

«ታዲያ እኔ እየታጠብኩ ማንም ተነስቶ ያጥፋብኝ?»

«አዎ፤ ለዚያው ነው እኮ የሚሰቀለው።»

ወንድይፍራው ሳቀ። ሠራተኛውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በላይ አልተከራከረም። «ባለቤቱ እርስዎ ነዎት» ብሎ ማጥፊያውን ዕቃ ቤት ውስጥ ሰቀለና ሄደ። ነጋዴው በሩን በወፍራም ጓጉንቸር ዘግቶ ቁልፉን ማተቡ ላይ አሰረው። አስካለ ይህን ሁሉ በረንዳ ላይ ቆማ ሰምታለች። «አብሮ ይሄዳል» የሚለው ቃል ሆዷ ውስጥ ቀረ።

ገንዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዜም ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አፉን ዘግቶ የሚያጉረመርም ሰው ይመስላል። አስካለ ሽንኩርት ስትከትፍ ትሰማዋለች፤ ልብስ ስታሰጣ ትሰማዋለች፤ አንዳንዴ በስሟ የሚጠራት እየመሰላት ቀና ትላለች። ድመቷ ገንዳውን ከሩቅ ትዞረዋለች እንጂ ጠርዙን አትረግጥም። ግቢው ውስጥ ውሃ ይጠጡ የነበሩ እርግቦችም መምጣት ተዉ።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው መንዘር ጀመረ። ወንድይፍራው ከገንዳው ሲወጣ ክንዱን ውርር አደረገው፤ ጉልበቱም የቀለለው መሰለው። «ኃይል አለው!» አለ። ወሬው ተዳርሶ ቁርጥማት ያለበት ዘመድ ሁሉ እየመጣ ይዘፈዘፍ ጀመር። አንዳንዱን ይነዝረዋል፣ አንዳንዱን ምንም አይለውም። «ውሃው ሰው ይመርጣል» ተባለ። ለተመረጠው እልል ይባልለታል፤ ያልተመረጠው ኃጢአቱን እያሰላሰለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አስካለ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ውሃው የሚመርጠው ብረቱን ጨብጦ የሚወጣውን ሰው ብቻ ነበር።

«ሠራተኛው ይምጣና ይየው» አለችው ባሏን። «እስኪመጣ ቁልፉን እንኳ ለእኔ ተውልኝ።»

«አንቺን ስላልመረጠሽ ነው» አላት።

አስካለ ወደ ማጀቷ ገባች። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚያ ቤት ግን ወርቅም ይቆለፍበት ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከብዶ ካፊያ ሲጥል አስካለ የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ወጣች። የገንዳው ዜማ ወፍሯል። ባሏ በእንፋሎቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድ እጁ ብረቱን ጨብጧል፤ ዓይኑ እሷ ላይ ነው።

«ፎጣ ላምጣልህ?» አለችው።

አልመለሰላትም። አፉ በመጠኑ ተከፍቶ ቀርቷል። ጣቶቹ ብረቱ ላይ ነጥተዋል። የሚንቀሳቀሱት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው፤ ከፊቷ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ፊቷ። ደረቱ ላይ ቁልፉ በሚንፈቀፈቀው ውሃ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ሮጣ እጇን ዘረጋች። ከውሃው ስንዝር ሲቀራት «አብሮ ይሄዳል» የሚለው ቃል ያዛት። ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጠች፤ የቤቱ ቆጣሪም እዚያው ነው የተቆለፈው። ጓጉንቸሩን በድንጋይ ቀጠቀጠችው፤ ወንድይፍራው መርጦ የገዛው ነውና ንቅንቅ አላለም። ጮኸች፤ አጥሩ ረጅም ነው፣ ማንም አልሰማትም። ተመልሳ ገንዳው ዳር ቆመች። ባሏን የሚያድነው ነገር ባሏ አንገት ላይ ነበር፤ እሱም ሊያወልቀው አይችልም፣ እሷም ልትነካው አትችልም። ዓይን ለዓይን እየተያዩ ሊሞትባት ነው። «እመቤቴ!» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

መብራት ጠፋ።

ሰፈሩ ሁሉ የሚረግመው፣ ወንድይፍራው ራሱ በየሳምንቱ የሚሳደብበት ነገር በሰዓቱ ደረሰ። ዜማው ተቆረጠ። የባሏ እጅ ብረቱን ለቀቀና ፊቱ ውሃው ውስጥ ተደፋ። አስካለ «ተመስገን» ልትል አፏን ስትከፍት ከአጥሩ ጥግ አንድ ነገር ሲያስል ሰማች። ጄኔሬተሩ ነው። በራሱ ሊነሳ ነው።

ጠርዙ ላይ በሆዷ ተኝታ ከብብቱ ሥር ይዛ ጎተተችው። ወንድይፍራው ከባድ ሰው ነው። ጄኔሬተሩ እንደገና አሳለ። ተነስታ እግሯን ከጠርዙ ግንብ ጋር አስደግፋ ሳበች፤ ትከሻው ወጣ፣ ወገቡ ወጣ። ተረከዙ ንጣፉ ላይ ሲወድቅ ሞተሩ ማጓራት ጀመረ፤ ሰው የሌለበት ገንዳም ምንም እንዳልተፈጠረ ዜማውን ቀጠለ።

ደረቱን እየደቃች ውሃውን አስተፋችው። ትንፋሹ ሲመለስ ቁልፉን ከማተቡ ላይ ፈታችው። ከሥሩ ቆዳው ላይ የቁልፉ መልክ ቀይ ሆኖ ታትሟል። ሄዳ ዕቃ ቤቱን ከፈተች። ማጥፊያው መዳፏን አያህልም። ወደ ታች ሳበችውና ግቢው ጸጥ አለ። ስንት ጊዜ ያ ድምፅ ሲያስፈራት እንደኖረ ያኔ ገባት።

ስትመለስ ባሏ ዓይኑን ገልጧል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ልትሰማው ጎንበስ አለችለት።

«ቁልፌስ?» አለ። «ቁልፌን ማን ወሰደው?»

አስካለ መዳፏ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አየችው። ከዚያ ወደ ገንዳው ወረወረችው።

«እዚያ ነው» አለችው። «ግባና አውጣው።»

አልገባም። ውሃው ቀዘቀዘ፣ ቆይቶም አረንጓዴ ሆነ። ሠራተኛው ተጠርቶ ሲመጣ አስካለን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ገንዳውን አደረቀ፣ ብረቱን የነካውን የተላጠ ሽቦ ነቀለ፣ ማጥፊያውንም መጀመሪያ ሊሰቅለው የነበረበት ግድግዳ ላይ ሰቀለው። «የማጥፊያው ሽፋን ይቆለፍ?» ብሎ ቢጠይቅ ወንድይፍራው ደረቱ ላይ ያለውን ጠባሳ እየዳበሰ «ይቅር» አለ።

ወዳጄ፣ እያንዳንዳችን ሞቆን የተቀመጥንበት ገንዳ አለን። የአንዱ ቁጣ ነው፣ የአንዱ መጠጥ፣ የአንዱ ሥልጣን። መንዘር ሲጀምር «በረከት ነው» እንላለን፤ «ተው» የሚለንን «ስላልተመረጥክ ነው» እንለዋለን። የተያዝን ቀን ግን እጃችን አይታዘዘንም። ስለዚህ የሚያስቆምህን ነገር በራስህ አንገት ላይ አትሰረው፤ የሚወድህ ሰው ከሚያየውና ከሚደርስበት ቦታ ስቀለው። መብራት ሁልጊዜ በሰዓቱ አይጠፋም።

ያንተ ቁልፍ አሁን የት ነው ያለው? አጠገብህ ያለው ሰውስ ያውቀዋል?